«ላስመልስና እነሳለሁ»፦ ከፖከር ጠረጴዛ ስለ መነሳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ቅዳሜ ሌሊት ሜሪላንድ ያለ አንድ ካዚኖ ውስጥ 1/3 ጠረጴዛ (በየዙሩ ሁለት ሰዎች በግድ የሚያስቀድሙት ውርርድ 1 እና 3 ዶላር የሆነበት) ላይ ተቀምጬ ነበር። በ300 ዶላር ገብቼ ፊቴ 940 ዶላር ተደርድሯል። ቀዩን የአምስት ዶላር ቺፕ ሃያ ሃያ አድርጌ አቁሜዋለሁ፤ አረንጓዴው የሃያ አምስቱ ከፊቱ ነው። «1000 ሲሞላ እነሳለሁ» ብያለሁ። የቀረኝ 60 ዶላር ብቻ ነው። በየዙሩ እየገባ ጨዋታውን ያሞቀው ሰውዬ ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተሰናብቶ ሄዷል። የቀሩት ስድስቱ እንደኔው ጥሩ ካርታ እስኪመጣ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ናቸው። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ 410 ዶላር ይዤ ወጣሁ።

ያን ሌሊት የበላኝ መጥፎ ካርታ አልነበረም። 1000 የሚለው ቁጥር ነው የበላኝ።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በውድድር ፖከር ቺፕህ ካለቀ ወጣህ፤ መጨረሻው የታወቀ ነው። በካሽ ጌም ግን ቺፑ ራሱ ገንዘብ ነው። በፈለግህ ሰዓት ትገባለህ፣ በፈለግህ ሰዓት ትነሳለህ። ተነስ የሚልህ የለም። ስለዚህ መነሳት ራሱ ከጨዋታው ችሎታ አንዱ ነው። እኛ ግን ስለ ካርታው ሌት ተቀን እናወራለን፣ ስለ መነሳት የምናውቀው ደግሞ ከሰው አፍ የሰማነውን ነው። ከሰማነው ብዙው ትክክል አይደለም።

«እያሸነፍክ ሳለህ ተነስ»

ይህን ያልሰማ ተጫዋች የለም። ብልህ ምክር ይመስላል። ትርፍን ኪስ መክተት ምን ክፋት አለው?

ችግሩ የምታሸንፍበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ጨዋታው ጥሩ የሆነበት ሰዓት መሆኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ ገንዘብ አለ። ገንዘቡ የማያሳስበው፣ ለመዝናናት የመጣ ሰው አለ። አንተም ተረጋግተህ ነው የምትጫወተው። 200 ዶላር በላሁ ብለህ ከዚህ ተነስተህ ስትሄድ፣ በወር ሁለቴ የማይገኘውን ወንበር ለሌላ ሰው ለቀህ ነው የምትሄደው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኮሊን ካሜረር፣ ሊንዳ ባብኮክ፣ ጆርጅ ሎወንስታይን እና ሪቻርድ ቴለር የኒውዮርክ ታክሲ ነጂዎችን የሥራ መዝገብ ይዘው አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። እንዳዩት ከሆነ ብዙ ነጂ በቀን ይህን ያህል ካገባሁ ይበቃኛል የሚል ግብ አለው። ገበያ ያለ ቀን ግቡ ቶሎ ይሞላና ቤቱ ይገባል። ገበያ በሞተበት ቀን ግን ግቡ እስኪሞላ ያመሻል። ገንዘብ በሚገኝበት ቀን ጥቂት ሰዓት፣ በማይገኝበት ቀን ብዙ ሰዓት ማለት ነው። በየቀኑ እኩል ሰዓት ቢሠሩ እንኳ የተሻለ ያገኙ ነበር አሉ አጥኚዎቹ። በኋላ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች፣ በተለይ ሄንሪ ፋርበር፣ ተከራክረውታል። እኔ ግን ዲሲ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ለነዳ አንድ ወዳጄ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «ይሄማ እኔ ነኝ» አለኝ። «መሪው ላይም፣ ካርታው ላይም።»

እያሸነፉ መነሳት በራሱ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ለመነሳት ምክንያት የሚሆነው ማሸነፉ ብቻ ሲሆን ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፊትህ የተከመረው ቺፕ ካስፈራህ፣ መጫወትህን ትተህ ክምሩን መጠበቅ ከጀመርክ፣ ትናንት ኦል ኢን ትገባበት (ቺፕህን ሁሉ ትገፋበት) የነበረውን ካርታ ዛሬ ሳትጫወትበት የምትወረውር ከሆነ፣ ያኔ ተነስ። አጠገብህ የተቀመጡት ሰዎች መፍራትህን ካንተ ቀድመው ያዩታል።

«ላስመልስና እነሳለሁ»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ስንት ሰው እንደበላ ስለማውቅ ረዘም አድርጌ ልናገር።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ጥሩ የሚባል የ1/3 ተጫዋች፣ በረጅሙ ሲታሰብ፣ በሰዓት ከ15 እስከ 30 ዶላር ካገኘ ጎበዝ ነው። 600 ዶላር የተበላ ሰው በዚያ ፍጥነት ገንዘቡን ለመመለስ ከ20 እስከ 40 ሰዓት ያስፈልገዋል። ዛሬ ሌሊት፣ ከመንጋቱ በፊት ሊያስመልስ ከፈለገ ግን በጥሩ ጨዋታ አይሆንለትም። ያለው መንገድ ትልልቅ ፖት (በአንድ ዙር መሃል ላይ የሚከማቸው ገንዘብ) ውስጥ በማይረባ ካርታ መግባት ብቻ ነው። ማንም አቅዶ አያደርገውም። ሳያውቀው ነው የሚገባበት።

እኔ ራሴን ያየሁት በ9 እና 7 ነው፤ ያውም ቀለሙ በማይገጥም። 450 ዶላር ተበልቻለሁ። ከፊቴ ያለው ሰው 25 ዶላር አደረገ። ይህን ካርታ ሌላ ቀን ሁለቴ ሳላየው ነው የምወረውረው። ያን ቀን ግን እጄ ቺፑን ገፍቶ ጨርሶ ነበር። «ከመጣልኝ ትልቅ ነው» አልኩ በልቤ። ዲለሩ (ካርታ አዳዩ) ፍሎፑን፣ ማለትም መሃል ላይ የሚገለጡትን የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች፣ ሲዘረጋ የፈለግሁት እንዲወጣ እጸልይ ነበር ማለት ይቀለኛል። ፖከር የሚጫወት ሰው ይጸልያል እንዴ?

ሪቻርድ ቴለር ከኤሪክ ጆንሰን ጋር በ1990 ይህንኑ ጠባይ ጽፈውታል። ሰው ሲከስር ባብዛኛው ለአዲስ አደጋ ይፈራል፤ ኪሳራውን በአንድ ጊዜ የሚያካክስ ዕድል ሲታየው ግን ፍርሃቱ ይጠፋል። በ2009 ደግሞ ጋሪ ስሚዝ እና ባልደረቦቹ በትልቅ ገንዘብ በኢንተርኔት የሚጫወቱ ልምድ ያላቸው የፖከር ተጫዋቾችን አጥንተው፣ ብዙዎቹ ትልቅ ፖት ከተበሉ በኋላ ጥንቃቄያቸው እንደሚላላ አግኝተዋል። እነዚህ ጀማሪዎች አይደሉም። እነሱን የነካ እኛን ይምረናል ብዬ አላስብም።

ዜሮ ላይ መድረስ የሚባለው ነገር በጭንቅላታችን ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የዛሬው ሌሊት ነገ ከሚቀጥለው ጨዋታ የተለየ ደብተር የለውም። ስድስት ወር ሙሉ ውጤቱን በስልኩ የመዘገበ ሰው አንድ ማክሰኞ በኪሳራ መውጣቱ ምንም ሆኖ አይታየውም። የማይመዝግብ ሰው ነው እያንዳንዱን ሌሊት እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠብቀው።

«ካርታው መዞሩ አይቀርም»

ካርታው በየዙሩ ይበወዛል። 52ቱም አንተ ማን እንደሆንክ አያውቁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ምንም አለማግኘትህን የመዘገበ የለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ሩሌቱ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈ። ሰዉ «አሁንስ ቀይ ነው» እያለ ሚሊዮኖች ፍራንክ ቀይ ላይ ሲያፈስ አመሸ። «ዛሬ ገዴ ነው» ብሎ መቆየትም የዚሁ ነገር ሌላ ፊት ነው። ገድ ለመቆየትም ለመነሳትም ምክንያት አይሆንም።

«በልቶ መነሳት ነውር ነው»

እዚህ ላይ ይሉኝታችን ይገባል። ሰው ሁለት ትልልቅ ፖት በልቶ መነሳት ያፍራል። «ወስዶ ሮጠ» እንዳይባል ሁለት ሰዓት ይጨምራል። በሁለቱ ሰዓት የበላውን ይመልሳል።

ካዚኖ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በገባህ በአሥር ደቂቃ መነሳት ትችላለህ። የማይፈቀደው እየተጫወትክ ከቺፕህ ከፍለህ ኪስ መክተት ነው። ተነስተህ ወዲያው ወደዚያው ጨዋታ ከተመለስክም ብዙ ቦታ ይዘህ የወጣኸውን ያህል ይዘህ እንድትቀመጥ ይጠይቁሃል።

ቤት ውስጥ ከጓደኛ ጋር ሲሆን ይለያል። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ውስጥ፣ ቡና ተፈልቶልህ፣ እንጀራ ቀርቦልህ፣ በልተህ ወዲያው ውልቅ ማለት በእርግጥም ያስተዛዝባል። መፍትሔው ሳትቀመጥ መናገር ነው። «እኔ 6 ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ነገ ሥራ አለኝ» በል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ብትበላም ብትበላቸውም ተነስ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደጋገምከው ያንተ ጠባይ ነው ብለው ይቀበሉታል።

«የኪሳራ ገደብ ሒሳብ ለማያውቅ ነው»

ይህን የሚሉት ጎበዝ ተጫዋቾች ናቸው፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ጨዋታው ጥሩ ከሆነና አንተም ከነሱ ከተሻልክ፣ የተበላኸው ገንዘብ ቀጣዩን ዙር አይለውጠውም፤ ለምን ትነሳለህ ይላሉ። ትክክል ነው፣ ሰው ማሽን ቢሆን። ሦስተኛውን 300 ዶላር ያወጣ ሰው ግን መጀመሪያ የተቀመጠው ሰው አይደለም። ለዚህ ነው የትርፍ ገደብን ተቃውሜ የኪሳራ ገደብን የምደግፈው። እኔ ሁለት ጊዜ ገብቼ ከተበላሁ እነሳለሁ። ገደቡ ካርታውን አያሻሽልም፤ እኔን ከራሴ ያስጥለኛል።

ይልቅ ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ሒሳብ አለ። ካዚኖው ከየፖቱ ድርሻውን ይቆርጣል። በሰዓት 30 ዙር ገደማ ይደረጋል እንበል፣ ከየዙሩ እስከ 5 ዶላር ከተነሳ ከአንድ ጠረጴዛ በሰዓት እስከ 150 ዶላር ይወጣል። ገንዘብ የሚረጨው ሰው ሲሄድ፣ የቀሩት ስድስት ጠንቃቆች ለምን ቁጭ እንዳሉ ራሳቸውን መጠየቅ አለባቸው። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ ሰውዬ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። ቺፑን ሲሰበስብ እኔም ጃኬቴን አነሳሁ። 140 ዶላር ተበልቼ ነበር።

«ድካም በቡና ይጠፋል»

ድሩ ዳውሰን እና ካትሪን ሪድ በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው 0.05 ከመቶ አልኮል በደሙ ካለው ሰው ጋር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። 24 ሰዓት ሲሞላ 0.10 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህ በመላው አሜሪካ ከመኪና መንዳት ገደብ በላይ ነው። ከእኛ ሰው ስንቱ ነው 12 ሰዓት ሠርቶ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ የሚመጣው? ገንዘቡ ቢቀር ቤት የሚገባው እኮ በመኪና ነው።

«መነሳት የሚያቅተው ቆራጥነት የጎደለው ነው»

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መነሳት ለሚችል ሰው ነው። የማይችልም አለ። እሱን «ጨክን» ማለት አይረዳውም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማር ሱስን ከሕመም መድቦ ዘጠኝ ምልክቶች ዘርዝሮለታል። የተበሉትን ለማስመለስ ደጋግሞ መመለስ አንዱ ነው። የተበሉትን መደበቅ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሰው ከችግሩ እንዲያወጣው ገንዘብ መለመንም አሉበት። በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱ ከታዩ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አሜሪካ ውስጥ 1-800-426-2537 ነጻ የእርዳታ ስልክ ነው። ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ደግሞ ሰው ራሱን ከካዚኖ የሚያግድበት ፎርም አላቸው።

አንድ የማውቀው ልጅ የእቁብ ዕጣ ወጥቶለት በሁለት ሌሊት ጨረሰው። ለእናቱ የታሰበ ገንዘብ ነበር። ሦስተኛው ቀን 200 ዶላር አበድረኝ ብሎ መጣ፣ ላስመልስና አልጫወትም አለኝ። አላበደርኩትም። መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብለን ብዙ ቆየን። ቁጥሩን የደወለው በኔ ስልክ ነው፤ የሱን ሸጦታል።