ስትጸልዩ እንዲህ በሉ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ደቀ መዛሙርቱ ጌታን «እንጸልይ ዘንድ አስተምረን» ብለው የለመኑት ጸሎት የሚባል ነገር አያውቁ ስለነበር አይደለም። በምኵራብ ያደጉ፣ መዝሙረ ዳዊትን ከልጅነታቸው የሰሙ፣ ለበዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን እርሱ ሲጸልይ አዩት። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 11 እንደሚነግረን፣ ጸሎቱን እስኪፈጽም ጠብቆ ነው ከመካከላቸው አንዱ የጠየቀው። ጌታችንም ሲመልስ «በልባችሁ የመጣላችሁን ተናገሩ» አላላቸውም፤ «ስትጸልዩ እንዲህ በሉ» ብሎ ቃሉን ራሱ ሰጣቸው።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ስለዚህ ስለተሰጠን ቃል መነጋገር እፈልጋለሁ። «ዳዊት መድገም፣ ውዳሴ ማርያም ማድረስ፣ ከመጽሐፍ እያነበቡ መጸለይ ከልብ አይደለም፤ እውነተኛ ጸሎት ከራስ ሲፈልቅ ነው» የሚል አሳብ በተለይ በወጣቶቻችን ዘንድ እየበዛ ነው። ይህን የሚሉት አብዛኞቹ እግዚአብሔርን ከልባቸው የሚፈልጉ ናቸው። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን ከመጽሐፍ ቅዱስ ልንመልስላቸው ይገባል።

አባታችን ሆይን እስቲ ቀስ ብለን እንበለው። ስምህ ይቀደስ፤ መንግሥትህ ትምጣ፤ ፈቃድህ ትሁን። የራሳችን እንጀራ የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እርሱም የዕለት ብቻ። ከዚያ ደግሞ «በደላችንን ይቅር በለን፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እንላለን። እውነቱን እንነጋገር፦ ጸሎቱን የምንደርሰው እኛ ብንሆን ኖሮ ይህን ቃል ማን ይጨምረው ነበር? «ይቅር በለኝ» ማለት ቀላል ነው። «እኔ ይቅር በምልበት ልክ» ብሎ በራስ ላይ መፍረድ ግን ከቆሰለ ልብ አይወጣም። ርስቱን ወንድሙ የወሰደበት ሰው፣ ባሏ ጥሏት የሄደ እናት፣ ባልንጀራው የከዳው ነጋዴ ማታ ተንበርክኮ በራሱ ቃል ቢጸልይ ስለ በደሉ ያለቅሳል፣ ፍረድልኝ ይላል። ይህም ኃጢአት አይደለም፤ ዳዊትም ፍረድልኝ ብሏል። ያ ሰው ግን አባታችን ሆይን ሲጀምር ሊያልፈው የማይችለው ቦታ ላይ ይደርሳል። አንዳንዱ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል። ቃሉ ግን ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል። ስንት ዓመት የቆየ ቂም በዚህ አንድ መስመር እንደተፈታ የንስሐ አባቶች ያውቁታል።

የተሰጠን ቃል ጥቅሙ ይህ ነው። የራሳችን ቃል ልባችን ያለበትን ይናገራል፤ የተሰጠን ቃል ግን ልባችን ሊሄድ ወደማይፈልግበት ይወስደዋል።

«በማቴዎስ 6፥7 በከንቱ አትድገሙ ተብሏል እኮ» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ተብሏል። ጌታ በዚያ የነቀፈው ግን በመናገራቸው ብዛት የሚሰሙ የሚመስላቸውን አሕዛብ ነው፤ በቃል ብዛት አምላክን ማስገደድ ይቻላል የሚለውን አሳብ ነው። ወዲያው ሁለት ቁጥር አልፎ አባታችን ሆይን የሚያስተምረው እርሱ ራሱ ነው። በጌቴሴማኒ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ሄዶ «ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ» ይላል ማቴዎስ በ26ኛው ምዕራፍ። ላቡ እንደ ደም ነጠብጣብ እየወረደ የጸለየው ጸሎት ያው ቃል የተደጋገመበት ነበር። በመስቀል ላይስ? «አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ» በዳዊታችን አቆጣጠር የመዝሙር 21 መጀመሪያ ነው (በሌላው አቆጣጠር 22)። «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» የመዝሙር 30 ቃል ነው። የመዝሙር ባለቤት፣ ዳዊትን ያናገረ እርሱ፣ በዚያች ሰዓት የዳዊትን ቃል በአፉ ከጸለየ እኛ በዳዊት መጸለይ የሚያሳንሰን በምን ሂሳብ ነው?

አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው መዝሙረ ዳዊትን የሕይወታቸው ምግብ ያደረጉት። በየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ ንባብ ተምሮ ዳዊት ይደግማል፤ ዳዊትን መጨረስ በቤተሰቡ ዘንድ ትልቅ ደስታ ነበር። 150ው መዝሙር አሥር አሥር ሆኖ «ንጉሥ» በሚባሉ 15 ክፍሎች ተከፍሎ፣ ለየዕለቱ ተመድቦ፣ ሳምንቱን ሙሉ ይዘለቃል። ሰኞ ከ1 እስከ 30 ያለውን የሚደግም ሰው መዝሙሩን የሚመርጠው በስሜቱ አይደለም። ደስ ብሎት ተነሥቶ የልቅሶ መዝሙር ይደርሰዋል፤ አዝኖ ሳለ የምስጋና መዝሙር ይደርሰዋል። መጀመሪያ ላይ ይህ ግር ያሰኛል። መዝሙር 87ን ያነበበ ያውቃል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው፣ በሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች እንደምናየው በመጨረሻ ወደ ምስጋና አይመለስም። ጤና ሆኜ፣ ልጆቼ ተኝተው፣ ቤቴ ሞልቶ ይህን መዝሙር ስደግም ስለ ማን እየጸለይኩ ነው? በዚያች ሰዓት ሆስፒታል አልጋ ላይ ስላለ፣ እስር ቤት ስላለ፣ ልጁን ቀብሮ ስለተመለሰ ሰው ነው። እርሱ አፉን መክፈት ሲያቅተው እኔ በእርሱ ቃል ስለ እርሱ እቆማለሁ። ነገ ደግሞ እኔ ስወድቅ የማላውቀው ክርስቲያን ይህንኑ መዝሙር ስለ እኔ ይደግማል። «አባቴ ሆይ» ሳይሆን «አባታችን ሆይ» በሉ የተባልነው በሩን ዘግቶ በስውር ለሚጸልይ ሰው ጭምር ነው። ክርስቲያን ብቻውን ቢቆምም ብቻውን አይጸልይም።

ቃሉ የተሰጠን ያህል ሰዓቱም ተሰጥቶናል። «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ይላል ዳዊት በመዝሙር 118። የቤተ ክርስቲያናችን የሕግ መጽሐፍ ፍትሐ ነገሥትም በአንቀጽ 14 ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ይዘረዝራል፦ ነግህ (ጠዋት)፣ ሠለስት (3 ሰዓት)፣ ቀትር (6 ሰዓት)፣ ተሰዓት (9 ሰዓት)፣ ሠርክ (11 ሰዓት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት)፣ መንፈቀ ሌሊት። በጠዋቱ 3 ሰዓት ጌታ በጲላጦስ አደባባይ መገረፉን፣ መንፈስ ቅዱስም በሐዋርያት ላይ መውረዱን እናስባለን። በ6 ሰዓት መሰቀሉን፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን መስጠቱን፣ በ11 ሰዓት ወደ መቃብር መውረዱን እናስባለን። ሌሊቱ ደግሞ የጌቴሴማኒው ጸሎትና የትንሣኤው ሰዓት ነው። ጴጥሮስ በጣራ ላይ ሊጸልይ የወጣው በስድስት ሰዓት ነው፤ ከዮሐንስ ጋር ወደ መቅደስ የወጣው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቆርኔሌዎስ መልአኩን ያየው በዘጠኝ ሰዓት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው በሐዋርያት ሥራ እንደተቆጠረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለሆነ፣ «ሦስት ሰዓት» የሚለውን ስናነብ ሂሳብ ሳንሠራ እንረዳዋለን። በውጭ አገር የምትኖሩ፣ ስልካችሁ ጠዋት 9 ሰዓት ሲል ሠለስት ነው።

ሰሙነ ሕማማትን በቤተ ክርስቲያን ያሳለፈ ሰው እነዚህን ሰዓታት በጉልበቱ ያውቃቸዋል። ከነግህ እስከ 11 ሰዓት በየሰዓቱ ይነበባል፣ ይሰገዳል፣ ኪርያላይሶን (አቤቱ ማረን) ይባላል። የዓርብ ዕለት ማታ ቄሱ ፊት ቀርቦ በወይራ ቅጠል ጀርባው ሲነካ፣ የዕለቱ ስግደት ያዛለው ሰውነት ራሱ የጸለየ ያህል ይሆናል። ሰውነታችንም ይጸልያል። ጫማ ማውለቁ፣ ነጠላን መስቀለኛ ማጣፋቱ፣ ወደ ምሥራቅ መቆሙ፣ ማማተቡ፣ መስገዱ ትርፍ ነገር አይደለም፤ ልብ ሳይነሣ ሰውነት ቀድሞ ይነሣና ልብን ይጎትተዋል። በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ብሎ መጀመሪያ ያስነሣናል፤ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ብሎ ልባችንን ከፍ እንድናደርግ የሚያዝዘን ዘግይቶ ነው። እኛም «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳለን እንመልሳለን። ይህ በእግዚአብሔር ፊት የሚሰጥ ቃል ነው። ልባችን ገበያ ወይም ቢሮ እያለ እንዳንመልሰው መጠንቀቅ ይገባል።

ቅዳሴው የሚለምነውን ደግሞ እስቲ ልብ በሉት። ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናም፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ አንቀላፉት። ብዙዎቻችን ቤተ ክርስቲያን የምንገሰግሰው ሥራ ሲጠፋ፣ ቪዛ ሲዘገይ፣ ልጅ ሲታመም ነው፤ ስለት እንሳላለን፣ ሲሰምርልን ጥላውን ይዘን እንመጣለን። እግዚአብሔር ይህንንም አይንቅም። ግን ስለታችን ከደረሰ በኋላ የማንታይ ከሆነ የፈለግነው ሰጪውን ሳይሆን ስጦታውን ነበር። አምልኮ የሚጀምረው የምንለምነው ነገር በሌለን ጊዜም «ቅዱስ፥ ቅዱስ፥ ቅዱስ» ለማለት ስንቆም ነው። ይህን ቃል እኛ አልጀመርነውም፤ ኢሳይያስ ሱራፌል ሲሉት ሰማ፤ እኛ ብንቀርም አይቋረጥም።

ይህ ሁሉ ማለት በራስ ቃል መጸለይ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሐና በሴሎ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች በልቧ ተናግራለች፤ ጴጥሮስ እየሰጠመ «ጌታ ሆይ፥ አድነኝ» ብሏል፤ በርጤሜዎስ «ማረኝ» ብሎ ጮኋል። በጣታችን አንጓ እየቆጠርን 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» (አቤቱ ክርስቶስ ሆይ ማረን) የምንለው የዚያ ዕውር ለማኝ ጩኸት ነው። እኔ የምመክረው ቅደም ተከተሉን ነው፦ መጀመሪያ የተሰጠንን ቃል እናድርስ፣ ከዚያ ዝም እንበል፣ ከዚያ የራሳችንን እንናገር። በዳዊት የለሰለሰ ልብ የሚለምነውም ይለወጣል። ሮሜ 8 ላይ እንዴት መጸለይ እንደሚገባን እንደማናውቅና መንፈስ ራሱ እንደሚማልድልን ተጽፏል፤ ይህ ለሰነፍ ማመካኛ ሳይሆን ለሚደክም መጽናኛ ነው።

በቃል የያዝነው ጸሎት ደግሞ ማንም የማይወስድብን ሀብት ነው። በአረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንን አስቡ። ብዙዎቹ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አይችሉም፤ መጽሐፍ ማውጣት የማይደፈርበት ቤትም አለ። ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እቃ ማጠቢያው ፊት ቆማ ድስት የምትፈትግ እህት እጇ አረፋ ውስጥ እያለ ከንፈሯ የእመቤታችንን ጸሎት «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» ይላል። ያን የሰጠቻት እናቷ ናት፤ ምናልባትም ማንበብ የማትችል እናት። መንፈቀ ሌሊትን ከብዙዎቻችን ይልቅ የምትጠብቀው እርሷ ናት ብዬ አምናለሁ።

ግእዙን ሳይረዱ መድገም ስለሚያስጨንቃቸው ወገኖችም አንድ ቃል ልበል። ጭንቀታቸው ትክክል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ብሏል። ትርጉሙን ተማሩ፤ እስክትማሩ በአማርኛው ጸልዩ። በውጭ አገር የተወለዱ ልጆቻችሁንም አማርኛ እስኪያውቁ አታስጠብቋቸው፤ አባታችን ሆይን በሚገባቸው ቋንቋ አብራችኋቸው በሉ፣ ዜማውንና ግእዙን ቀስ ብለው ይማሩታል።

አሳቡ የሚባዝንበት ሰው ጸሎቱን በጆሮው እስኪሰማው ድረስ ድምፅ አውጥቶ ይበል። አሳብህ እንደሄደ ባወቅህ ጊዜ ከመጀመሪያው አትጀምር፤ የጠፋህበት ቦታ ተመልሰህ ቀጥል። ውዳሴ ማርያምን በስልክ የምታነቡ፣ መሐል ላይ የቴሌግራም መልእክት ከላይ ብቅ ሲል ጣት ሳይታዘዝ ወደዚያ ይሄዳልና፣ ከመጀመራችሁ በፊት ኢንተርኔቱን አጥፉት። ቢቻል ትንሿን የጸሎት መጽሐፍ ግዙ።

ጸሎት ላልጀመረ ሰው በሰባቱ ሰዓታት ጀምር አልለውም። ጠዋት ከአልጋ ሲነሣ፣ ስልኩን ከመንካቱ በፊት፣ ያማትብ፤ ጸሎተ ሃይማኖትን (የእምነታችንን መግለጫ) እና አባታችን ሆይን ቆሞ ያድርስ። ማታ ሳይተኛ መዝሙር 50ን ይጨምርበት። ይህን ለሁለትና ለሦስት ወር ሳይቆርጥ ከያዘ በኋላ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ስግደቱንም፣ የዳዊቱንም መጠን እንደ አቅሙ የሚወስኑለት እርሳቸው ናቸው። የንስሐ አባት የሌላችሁ በዚህ ሳምንት ያዙ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።