በከተማ የልቀት ዕቅድ ውስጥ «ወሰን» ምን ማለት ነው?

ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷን ለመቀነስ ስታቅድ በቅድሚያ የልቀት ቆጠራ ማድረግ ይኖርባታል፤ በቆጠራው ውስጥ ብዙ አንባቢን የሚያደናግረውም «ወሰን 1፣ 2 እና 3» የሚለው አመዳደብ ነው። አመዳደቡ የጉዳት ደረጃ ሳይሆን ጋዙ የወጣበትን ስፍራ የሚያመለክት ነው። በከተማዋ ክልል ውስጥ ባጃጁ፣ የጭነት መኪናውና ፋብሪካው የሚያቃጥሉት ነዳጅ በወሰን 1 ይመዘገባል። ወሰን 2 ከብሔራዊው መስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ በማመንጨት የሚወጣው ልቀት ነው፤ የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ስለሚመነጭ ይህ ቁጥር አነስተኛ ይሆናል፤ በመሆኑም አምፖል በመቀየር ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ፣ ወጪ ቢቆጥብም፣ ልቀቱን እምብዛም አይነካውም።

በእኔ እምነት የበለጠ ትኩረት የሚሻው ቆሻሻ ነው። የአትክልትና የምግብ ትራፊ አየር በማያገኝበት ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ ሙቀት አማቂ ጋዝ ያመነጫል፤ አንድ ቶን ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት የ28 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ያሞቃል፤ «የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» የሚባለውም ይኸው ስሌት ነው። ክምሩ ከከተማዋ ክልል ውጪ ቢሆን እንኳ ልቀቱ በከተማዋ ምክንያት ከክልሏ ውጪ የሚወጣውን ወደሚይዘው ወሰን 3 ይዛወራል እንጂ ከሂሳቧ አይሰረዝም፤ ቆሻሻው የነዋሪዎቿ ነውና።