የጥንት ስዊት ኮርን በጓሮ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ጓሮ ያለው ሐበሻ ጎመኑን፣ ቃሪያውንና ጤና አዳሙን ካደላደለ በኋላ ዓይኑ በቆሎ ላይ ማረፉ አይቀርም። የዘር መሸጫው መደርደሪያ ላይ ደግሞ «ኤርሉም» የሚል የስዊት ኮርን፣ ማለትም በእሸትነቱ የሚበላ ጣፋጭ በቆሎ፣ ፓኬት ይጠብቀዋል። ኤርሉም የሚባለው ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የቆየ ነባር ዘር ነው። ዘሩን አስቀምጠው መልሰው ቢዘሩት እናቱን መስሎ ይወጣል። ፓኬቱ ይገዛል፣ ይዘራል፣ በጋው ሲጋመስ ቅሬታው ይጀምራል። አልጣፈጠም፣ ፍሬው ጎደሎ ነው፣ ጠነከረ። አብዛኛውን ጊዜ ዘሩ ጥፋት የለበትም። ግምታችን ነው የተሳሳተው። ግማሹን ግምት ከአገር ቤት ማሳ፣ ግማሹን ከሱፐርማርኬት ይዘን ነው ወደ ጓሮ የምንወጣው።

«የጥንት ዘር ስለሆነ ከገበያው የበለጠ ይጣፍጣል»

በስኳር ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው እሸት በአብዛኛው «ሱፐርስዊት» የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት የመጣው በ1950ዎቹ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከለየው አንድ የዘረመል ለውጥ ነው። ስኳሩ ከጥንቶቹ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ ከተቆረጠ በኋላም ለቀናት ይቆያል። የጥንቶቹ ዘሮች ግን «ሹገሪ» የሚባለውን የቆየውን ዘረመል ነው የያዙት። ስኳራቸው መጠነኛ ነው። በምትኩ ፍሬው ውስጥ ፋይቶግላይኮጅን የሚባል ንጥረ ነገር ይከማቻል። እሸቱን አፍ ውስጥ ክሬም ክሬም የሚያሰኘው እሱ ነው። ሱፐርስዊት ሲነከስ ቀጭ ይልና ውሃ ይሆናል። የጥንቱ ግን የበቆሎ ጣዕም አለው። ለእኔ የበቆሎ ጣዕም ያለው ይበልጥብኛል፤ ስኳር የፈለገ ግን ኤርሉም ገዝቶ ባያዝን ይሻላል።

ጣዕም ከልማድ ጋር እንደሚሄድ ደግሞ ጎልደን ባንታም ምስክር ነው። ከማሳቹሴትስ ግሪንፊልድ የተገኘውን ይህን አጭር ቢጫ በቆሎ በርፒ የተባለው የዘር ኩባንያ ገበያ ያወጣው በ1902 ነው። ያኔ አሜሪካኖች ለገበታ የሚመርጡት ነጭ በቆሎ ነበር፤ ቢጫውን የከብት መኖ አድርገው ነበር የሚያዩት። ጎልደን ባንታም ከተቀመሰ በኋላ ቢጫ እሸት የበጋ ገበታ ሆነ።

«ኤርሉም ካልሆነ ጂኤምኦ ነው»

አይደለም። ዲቃላ በቆሎ ሁለት የተመረጡ ወላጆች በአበባ ብናኝ ተዳቅለው የሚገኝ ነው፤ ዲቃላ መሆኑ ብቻ እንደ ጂኤምኦ ላቦራቶሪ ውስጥ ባዕድ ዘረመል ተጨምሮበታል ማለት አይደለም። ሱፐርስዊትም ቢሆን መነሻው በተፈጥሮ የተገኘ ለውጥ ነው። በነገራችን ላይ «የአገር ቤቱ በቆሎ ሁሉ የጥንት ዘር ነው» የሚለውም እንደዚሁ ነው። ቢኤች-660 የሚባለው ዲቃላ ከባኮ ምርምር ማዕከል የወጣው በ1993 ሲሆን፣ ለዓመታት በብዙ የኢትዮጵያ ማሳ ሲዘራ ኖሯል። ትዝ የሚለን የክረምት ጥብስ ከዲቃላ የመጣ ሊሆን ይችላል።

«ዘሩ ተጨማዷል፣ ሞቷል ማለት ነው»

የስዊት ኮርን ዘር ሁሌም የተጨማደደ ነው። የመኖና የዱቄት በቆሎ ዘር በስታርች፣ ዱቄት በሚሆነው ንጥረ ነገር፣ ስለተሞላ ድብልብል ይላል። የዚህ ግን ስታርቹ አነስተኛ ስለሆነ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጤነኛ ነው፤ ስንቁ ግን ትንሽ ነው። ብርድና እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ሳይበቅል ከቆየ ይበሰብሳል። ስለዚህ የፀደይ ፀሐይ ሁለት ቀን ወጣች ብሎ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። አፈሩ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር 60 ፋራናይት አካባቢ ሲደርስ ዝሩት። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ይህ በአብዛኛው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው።

«በአጥሩ ጥግ አንድ መስመር ይበቃል»

ፍሬ ለጎደለው እሸት ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። በቆሎ ንብ አይጠብቅም፤ የሚያዳቅለው ነፋስ ነው። የወንዴው አበባ አናቱ ላይ ይወጣል። ሴቴዋ እሸቱ ጫፍ ላይ የምናየው ፀጉር ናት። እያንዳንዷ የፀጉር ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘች ናት። ክሯ ላይ ብናኝ ካላረፈ የዚያች ፍሬ ቦታ ባዶ ይቀራል። ጥርሱ የወላለቀ እሸት የሚወጣው እንዲህ ነው። በሽታም አይደለም፣ የማዳበሪያ እጥረትም ላይሆን ይችላል።

አንድ ረጅም መስመር ላይ ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ብናኙን ወደ ሣሩ ይደፋዋል። ስለዚህ ቦታው ትንሽ ቢሆንም አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ዝሩ። ቢያንስ አራት አጫጭር መስመሮች ጎን ለጎን ይሁኑ፤ በመስመሮቹ መካከል ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎቹ መካከል ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ጓሮው በጣም ጠባብ ከሆነ በእጅ መርዳት ይቻላል። ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ የወንዴውን አበባ ቆርጣችሁ ፀጉሮቹ ላይ አራግፉት። ፀጉሩ በሚወጣበት ሳምንት ይህን ለተወሰኑ ቀናት ደጋግሙት። ውሃ ከምንጊዜውም በላይ የማይቀነስበት ሳምንትም ይሄው ነው።

«ጎረቤት የዘራው የእኔን አይነካም፤ ቢነካም የሚታየው ለከርሞ ነው»

ይህ ለዱባ እውነት ነው። ለበቆሎ ግን አይሠራም። ዱባ ላይ የምንበላው ሥጋ የእናቲቱ አካል ነው፤ ብናኙ ከየትም ይምጣ ጣዕሙ አይለወጥም። የበቆሎ ፍሬ ግን ራሱ ዘር ነው። የምንበላው ክፍል ከእናትም ከአባትም ድርሻ ወስዶ የሚሠራ በመሆኑ የአባቱ ጠባይ በዚያው እሸት ላይ ይታያል።

ብዙ ሐበሻ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ስዊት ኮርን ለፍም ጥብስ ይለሰልሳል ብሎ፣ እንደ አገር ቤቱ የሚታኘክ ነጭ በቆሎ ከጎኑ ይዘራል። ሁለቱ እኩል ካበቡ ስታርች የሚሠራው ዘረመል ያሸንፋል። ስዊት ኮርኑ ላይ ድብልብልና ደረቅ ፍሬ ጣልቃ እየገባ ይወጣል። ፈንዲሻም ያው ነው። የሚገርመው ሱፐርስዊትና የጥንቱ ስዊት ኮርን ሲገናኙም ሁለቱም ይበላሻሉ። የስኳራቸው ምክንያት የተለያየ ስለሆነ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል፤ ሲሟሉ ደግሞ ስታርች ይሆናሉ።

መፍትሔው ርቀት ወይም ጊዜ ነው። ለመብል ብቻ ከሆነ 75 ሜትር ያህል ርቀት ብዙውን ችግር ያቀልላል። የከተማ ጓሮ ግን ያን ያህል ሜዳ የለውም። ስለዚህ አበባቸው ቢያንስ በሁለት ሳምንት እንዲለያይ አድርጋችሁ ዝሩ። ፓኬቱ ላይ የሚደርስበት ቀን ተጽፏል፤ እሱን እያያችሁ አስሉት። ከጎረቤት ጋርም ተነጋገሩ፤ አንድ ቡና ይበቃል።

«ከሥር የሚወጣው ቡቃያ ጉልበት ይሰርቃል፣ ይነቀል»

ተዉት። ቲማቲም ላይ የለመድነውን ይዘን መጥተን ነው። በቆሎ ላይ መንቀሉ ምርት አይጨምርም፤ እንዲያውም ሥሩን ማቁሰል ይመጣል። ከአፈር በላይ የሚታዩት ወፋፍራም ሥሮችም የመሬት መሸርሸር ምልክት አይደሉም፤ አገዳውን ደግፈው የሚይዙ ናቸው። ጉልበት የምታስቡለት ከሆነ ፍግ ወይም ኮምፖስት ቀድማችሁ አብሉት። ቁመቱ የሰው ጉልበት ሲደርስ ደግሞ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ጨምሩለት። በቆሎ በላተኛ ነው።

«ፍሬው ረድፍ ካልያዘ ተበላሽቷል፤ ጥቁሩ ደግሞ ሲጠቁር ይደርሳል»

ረድፍ አለመያዝ ለካንትሪ ጄንትልማን ተፈጥሮው ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቅ ነጭ ዘር ሲሆን፣ ፍሬዎቹ ቀጫጭንና ረዘም ያሉ ሆነው ያለ ሥርዓት ይጠቀጠቃሉ። ብላክ ሜክሲካን የሚባለው ደግሞ ብዙ ሰው ያታልላል። ለመብል ሲደርስ ነጭ ነው። ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚለወጠው የመበያ ጊዜው ሲያልፍ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን ጥቁር ሥዕል እያየ የጠበቀ ሰው ያገኘው ለዘር የሚሆን ነው።

«ትንሽ ይቆይ፣ ይጠንክር»

አገር ቤት ለጥብስ ትንሽ ጠንከር ያለ እሸት እንወዳለን። የጥንት ስዊት ኮርን ግን ቀጠሮው አጭር ነው። ፀጉሩ ከወጣ ከ18 እስከ 24 ቀን ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ሙቀት ሲበረታ ይፈጥናል። ፀጉሩ ቡናማ ሆኖ ሲደርቅ ሽፋኑን ከላይ ገለጥ አድርጋችሁ አንዷን ፍሬ በጥፍር ወጋ አድርጉ። የወጣው ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ ገና ነው። ወተት ከሆነ ያኔውኑ ቁረጡ። ሊጥ ከሆነ አልፏል፤ እሱን ለገንፎ ወይም ለሾርባ።

ከተቆረጠ በኋላም ሰዓቱ ይሮጣል። በሞቃት ቀን ሜዳ ላይ የተተወ የጥንት እሸት በአንድ ቀን ግማሽ ያህል ስኳሩን ወደ ስታርች ሊለውጥ ይችላል። አሜሪካውያን ገበሬዎች መጀመሪያ ድስቱን ጣዱ፣ ከዚያ ወደ በቆሎው ሂዱ የሚሉት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ማብሰል ካልቻላችሁ ከነሽፋኑ ወዲያው ፍሪጅ ይግባ። እንግዳ የሚመጣው እሑድ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት አትቁረጡ።

ጫፉ ላይ ትል ካገኛችሁ ጫፉን ቆርጣችሁ ጣሉ። የቀረው ይበላል።

«ለዘር አንድ ቆንጆ እሸት ይበቃል»

ቲማቲም ከሆነ አዎ። ቲማቲም ራሱን በራሱ ያዳቅላል፣ ምንም አይሆንም። በቆሎ ግን ከዘመድ ጋር መዳቀልን በፍጹም አይችልም። ጆርጅ ሻል የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1908 ባሳተመው ጽሑፍ በቆሎ ከራሱ ጋር ሲዳቀል በየትውልዱ ጉልበቱ እንደሚወርድ አሳይቷል፤ የዛሬው የዲቃላ ዘር ኢንዱስትሪ የቆመው በዚያ ላይ ነው። ከአንድ እሸት ዘር እየለቀማችሁ ብትቀጥሉ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ አገዳው ያጥራል፣ እሸቱ ይኮስሳል። «ዘሩ አረጀ» እያልን የምናማው ይህን ነው።

ዘር ጠባቂዎች ከ100 ተክል ያላነሰ፣ ቢቻል 200 ይላሉ። ጓሮ ውስጥ ይህ ከባድ ነው። ባይሆን ከእያንዳንዱ ደህና ተክል ጥቂት ጥቂት ፍሬ ወስዳችሁ ቀላቅሉ። ከዚህ የሚሻለው የዘር እቁብ ነው፦ አምስት ስድስት ቤተሰብ አንድ ዓይነት ዘር በየጓሮው ይዘራል፣ መከር ላይ ዘሩን አንድ ላይ ደባልቆ ይከፋፈላል። በየሰፈሩ ሌላ በቆሎ እንዳያዳቅለው ግን ለመብል ካልነው በብዙ የሚበልጥ ርቀት ያስፈልጋል።

ለዘር የተተወው እሸት ከመበያ ጊዜው በኋላ ወር ያህል አገዳው ላይ ይቆያል። ዝናብ ከበዛ ቆርጣችሁ ሽፋኑን ወደ ኋላ ገልጣችሁ ነፋስ ያለበት ቦታ ስቀሉት። ፍሬው ከቆረቆንዳው በጣት ግፊት ሲለቅ ደርቋል። በማሰሮ ክዳኑን ገጥማችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት። የስዊት ኮርን ዘር ብዙ ዓመት አይቆይም። ከሁለት ዓመት በላይ ያስቀመጣችሁት ካለ፣ ከመዝራታችሁ በፊት አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ለሳምንት አቆዩትና ስንቱ እንደበቀለ ቁጠሩ። ግማሹ ብቻ ከበቀለ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩት።