ሬቲኖብላስቶማ ምንድን ነው? ሞራ እንዳትሉኝ ብቻ

እሑድ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ክርስትና ተጠርቼ ነበር። አንዲት እናት የልጇን ፎቶ በስልኳ አሳየችን፤ በፍላሹ ብርሃን አንደኛው ብሌን ቀይ፣ ሌላው ነጭ። ገና አፌን ሳልከፍት አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ጋሼ «ሞራ ነው፤ ጠና ሲል ይገፈፍለታል» ብለው ፈረዱ።

ሞራ የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ሬቲኖብላስቶማ ግን ከሌንሱ ኋላ፣ ሬቲና በሚባለው ብርሃን ተቀባይ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ላይ የሚበቅል ካንሰር ነው፤ በአብዛኛው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ይይዛል። ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ የሚያበራው ዕጢው ራሱ ነው። መጀመሪያ ላይ አያምም፤ ልጁ ይጠባል፣ ይጫወታል። አንዳንዴ ዓይኑ ሸውረር ይላል፣ እሱንም «ያምርበታል» ብለን እናልፈዋለን።

እምቦጭን የማያውቅ የጣና ሰው የለምና በእሱ ላስረዳ። ሲጀምር ጥግ ይዞ ነው፤ አበባውም ያምራል። ከዚያ እየተገነጠለ ይንሳፈፋል፤ የዕጢውም ፍርፋሪ በዓይን ውስጥ ባለው ዝልግልግ ነገር ተበትኖ ሌላ ቦታ ያቆጠቁጣል። ሐይቁ ሲታፈን ታንኳ መሄጃ ያጣል፤ በዓይኑም ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ይቀላል፣ ያብጣል፣ አሁን ያማል። ጣና ደግሞ መውጫ አለው፣ ዓባይ። የዓይን ዓባይ ወደ አንጎል የሚሄደው የዕይታ ነርቭ ነው። ዕጢው በዚያ ከወጣ አንጎል ይገባል፤ በደም ከሄደ መቅኔና ጉበት ይደርሳል። ዓይኑ ፈጦ ወደ ውጭ ተገፍቶ የሚመጣልን ልጅ ብዙ ጊዜ እዚህ የደረሰ ነው። ሳይታከም ከቀረ ልጁን ይገድላል።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ አይሠራም፤ እምቦጭ መጤ አረም ነው። ይህ ግን ከልጁ ከራሱ ሕዋስ ይነሣል፣ አርቢ1 የሚባለው ዘረመል ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ። ቡዳም፣ ምችም፣ እናቱ በእርግዝናዋ የበላችውም የለበትም።

ጋሼ ግን አልተረቱም። «የእገሌ ልጅ ሳይታከም ጠፋለት!» እውነት ነው፣ በጣም አልፎ አልፎ ዕጢው በራሱ ይሞታል። ያን ጊዜ ግን ዓይኑ ሟሽሾና ታውሮ ይቀራል እንጂ አልተገፈፈም። «ካንሰር ከነኩት ይቆጣል» የሚለውም መጣ። እኛም በመርፌ ናሙና አንወስድም፤ ሕዋሱ በቀዳዳው ተከትሎ ሊወጣ ይችላልና። ዓይኑን በሙሉ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዕጢው ዓይን ውስጥ ሳለ ከተወሰደ አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ። በጊዜ ከመጣ በኬሞ፣ በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ዓይኑም ሊተርፍ ይችላል። ጠበሉንም አትተዉ፤ ቀጠሮውን ብቻ አታሳልፉ።

ነጭ ብሌን ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ይህን ካላልኩ ባልደረቦቼ ይታዘቡኛል። በሕፃን ላይ የእውነት ሞራም አለ። እሱም ቢሆን አይጠበቅም፤ በጊዜ ካልተነሣ አንጎሉ ማየት ሳይማር ይቀራል። ስለዚህ ጋሼ ልክ ቢሆኑ እንኳ ምክራቸው ስሕተት ነበር። ደግሞ ከ10 ታማሚዎች 4 ያህሉ ላይ ጉድለቱ ከወላጅ ወደ ልጅ ሊተላለፍ የሚችል ዓይነት ነው፤ በዘራችን የለም ማለት አያስመልጥም።

እናትየው ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ «ነገ ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?» አለችኝ።

«ሁለት ሰዓት። ታላቅ እህቱንም ይዘሻት ነይ።»