ስለ ብሬክ ዳንስና ስለ አለባበሱ የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ብሬክ ዳንስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በጭንቅላቱ ተተክሎ እንደ እንዝርት የሚሾር ወጣትን ነው። ምስሉ ሐሰት ባይሆንም የዳንሱን ጥቂት ክፍል ብቻ ስለሚያሳይ ለብዙ የተሳሳተ አመለካከት በር ከፍቷል። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ስሙ የመጣው ሰውነትን ከመሰባበር ነው»

አይደለም። ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሚገኘው የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ታዳጊ ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት የጭፈራ ምሽት አዘጋጀች። ሙዚቃውን ያጫወተው ከጃማይካ የመጣው ወንድሟ ኩል ሄርክ ነበር። ሄርክ ጨፋሪው ይበልጥ የሚግለው ዘፈኑ ጋብ ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርበት አጭር ቦታ ላይ መሆኑን ልብ ብሏል፤ «ብሬክ» የሚባለውም ይህ ቦታ ነው። ስለዚህ የአንዱን ዘፈን ሁለት ሸክላ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀምጦ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን እያስከተለ፣ ጥቂቱን ሰከንድ ወደ ደቂቃዎች ማርዘም ቻለ። ያንን ጠብቀው መሃል የሚገቡት ልጆች «ቢ-ቦይ» እና «ቢ-ገርል»፣ ማለትም የብሬክ ልጆች ተባሉ። የዳንሱ ባለቤቶች «ብሬኪንግ» ይሉታል፤ «ብሬክ ዳንስ» የሚለውን ያስፋፉት መገናኛ ብዙኃን ናቸው።

«ሙንዎክም ሮቦትም ብሬክ ዳንስ ናቸው»

ወደኋላ የሚንሸራተተው ሙንዎክም ሆነ እንደ ማሽን የሚንቀሳቀሰው ሮቦት የሌላ ቤት ልጆች ናቸው። እጅን በድንገት የሚቆልፈው «ሎኪንግ» በሎስ አንጀለስ በዶን ካምቤል፣ ጡንቻን የሚያርገበግበው «ፖፒንግ» ደግሞ በፍሬስኖ በቡጋሉ ሳም የተጀመሩ የካሊፎርኒያ ስልቶች ናቸው። ማይክል ጃክሰን በ1983 ዓለምን ያስደነቀበትን ሙንዎክንም ቢል ቤይሊ የተባለው ዳንሰኛ ከአሥርት ዓመታት በፊት በፊልም አሳይቶታል። ሁሉንም በአንድ ስም መጥራት የፈጣሪዎቹን ድካም ይሸፍናል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ነው።

«ጂምናስቲክ እንጂ ዳንስ አይደለም»

ጥሩ ዳንሰኛ መጀመሪያ በቁሙ ከከበሮው ጋር ይግባባል። ቀጥሎ ወደ ወለል ወርዶ በእጁ እየተደገፈ እግሮቹን በዙሪያው በፍጥነት ያመላልሳል፤ በመጨረሻም ከበሮው በሚመታበት ቅጽበት ክርኑን ጎኑ ላይ ተክሎ እንደ ሐውልት ድርቅ ይላል። ያ መድረቅ ግማሽ ምት ቢዘገይ ዙሪያውን የከበበው ሰው ወዲያው ያውቅበታል። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክም ከአምስቱ የዳኝነት መስፈርቶች አንዱ ከሙዚቃው ጋር መዋሃድ ነበር።

«አለባበሱ ለታይታ ብቻ ነው»

መታየት መፈለጋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ልብሱ ሥራም አለው። የናይለን ቱታ በጀርባ ለሚሽከረከር ሰው በተዘረጋ ካርቶን ላይ ያንሸራትታል፣ ወፍራም የሹራብ ኮፍያም በጭንቅላት ሲሾሩ የራስ ቅልን ቆዳ ከመላጥ ያድናል። ሰፊ የጫማ ማሰሪያ በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ ልጆቹ ተራውን ማሰሪያ ፈትተው፣ ወጥረውና ስታርች አስነክተው በካውያ ይተኩሱት ነበር። ያ ጠፍጣፋ ማሰሪያ ገንዘብ ሳይሆን ትዕግሥት የተከፈለበት ጌጥ ነው።

«የወሮበሎች ጨዋታ ነው»

ብሮንክስ በወጣት ቡድኖች ጠብ ትታመስ እንደነበር አይካድም። ይሁን እንጂ በዲሴምበር 1971 የቡድን መሪዎቹ በሆ ጎዳና ተሰብስበው ሰላም ለማውረድ ከተስማሙ በኋላ ወጣቱ ቀድሞ ወደማይደፍረው ሰፈር ተሻግሮ መጨፈር ጀመረ። በውድድሩም ተፎካካሪን መንካት ነውር ነው።

«የወንዶች ዳንስ ነው»

በፓሪስ ወንዶችም ሴቶችም ተወዳድረዋል፤ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ብሬኪንግ ወርቅም የተጠለቀው በጃፓናዊቷ አሚ አንገት ላይ ነው። የሴጅዊክ ጎዳናውን ምሽት ያዘጋጀችውም ሴት ልጅ ናት።