የፀሐይ ነፋስ እና ከዋክብት ቁሳቸውን የሚያጡበት መንገድ

ፀሐይ የምትልክልን ብርሃንና ሙቀት ብቻ አይደለም። ከራሷ አካልም እየቆረሰች ወደ ህዋ ትበትናለች። ይህ ሳያቋርጥ የሚወጣ ጅረት የፀሐይ ነፋስ ይባላል። አብዛኛው ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ነው። ጥቂት ሂሊየም፣ ከዚያም በጣም ያነሰ ኦክስጅንና ብረት ተቀላቅሎበታል። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ነው። ምድር አጠገብ ሲደርስ ግን እጅግ ሳስቷል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አምስት ገደማ ፕሮቶን ቢገኝ ነው።

ፀሐይን ምን ያህል ይጎዳታል? በየሴኮንዱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ቶን ቁስ ይሄድባታል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ እሷ ግን ጉዳዬም አትለው። ምድርን የሚያህል ቁስ በዚህ መንገድ ለማፍሰስ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። እንዲያውም በብርሃን የምታጣው ይበልጣል። ማዕከሏ ውስጥ ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲቀየር በየሴኮንዱ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ቁስ ወደ ኃይል ይለወጣል። በአጭሩ የኛ ፀሐይ ነፋስ ደካማ ነው። ሌሎች ከዋክብት ዘንድ ግን ኮከቡ እንዴት እንደሚሞትና ሲሞት ምን ትቶ እንደሚያልፍ የሚወስነው ይኸው ነፋስ ነው።

ማንም ያላመነው ሒሳብ

የጅራታም ኮከብ ጅራት ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ተቃራኒ ነው የሚዘረጋው። ኮከቡ ከፀሐይ እየራቀ ሲሄድ እንኳ ጅራቱ ከፊት ይቀድማል። ለረጅም ጊዜ የሚገፋው ብርሃን ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቢርማን በ1951 (ሌላ ካልተባለ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጋዙን ጅራት በዚያ ፍጥነት ለመግፋት ብርሃን ብቻውን እንደማይበቃ አሳየ። ከፀሐይ የሚወጣ የቅንጣት ጅረት መኖር አለበት አለ።

ጅረቱ ለምን እንደሚወጣ ያስረዳው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዩጂን ፓርከር ነው። የፀሐይ ውጫዊ ከባቢ፣ ማለትም ኮሮና፣ ከአንድ ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከሥሩ ያለው የፀሐይ ገጽ ግን 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ ዛሬም የሚያከራክር ጥያቄ ነው፤ ተጠርጣሪው መግነጢሳዊ መስኩ ነው። ያን ያህል የሞቀ ጋዝ ሙቀቱን ይዞ ሩቅ ይዘልቃል። የፀሐይ ስበት ደግሞ በርቀት ይደክማል። የሚፈላ ድስት ክዳኑ ሲከብድ እንፋሎቱ ይታፈናል፣ ሲቀል ደግሞ ገፍቶ ይወጣል፤ እዚህም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ፓርከር ሒሳቡን ሠርቶ ኮሮና ረግቶ መቀመጥ እንደማይችል አሳየ። ከድምፅ በሚበልጥ ፍጥነት ወደ ውጭ መፍሰሱ የግድ ነው።

ጽሑፉን ለአስትሮፊዚካል ጆርናል ሲልክ ሁለት ገምጋሚዎች ጣሉት። አንደኛው፣ ስለዚህ ጉዳይ ከመጻፉ በፊት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ቢያነብ ይሻለዋል እስከማለት ደረሰ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሱብራማንያን ቻንድራሴካርም ሐሳቡን አልወደደውም። ይሁንና ሒሳቡ ላይ ስሕተት አልተገኘም። ስለዚህ በ1958 አሳተመው። እኔን ከታሪኩ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ያላመኑበትን ነገር ማሳተም ለማንም አይቀልም። ብዙም ሳይቆይ በ1959 የሶቪየቷ መንኩራኩር ሉና 1 ጅረቱን ለካች። በ1962 ደግሞ ወደ ቬነስ ስትጓዝ የነበረችው ማሪነር 2 ለወራት እየለካች ጥርጣሬውን ዘጋችው።

ናሳ በ2018 ያመጠቃት መንኩራኩር በፓርከር ስም ተሰይማለች። ናሳ በሕይወት ባለ ሰው ስም መንኩራኩር ሲሰይም የመጀመሪያው ነበር። ሰውየውም በ91 ዓመቱ ቦታው ተገኝቶ ስትተኮስ አየ። መንኩራኩሯ በ2021 ኮሮና ውስጥ ገባች። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ድረስ ተጠጋች።

ኮሮናን በዓይን ማየት የሚቻለው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሲሆን ብቻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ ቀለበታዊ ነበር። በጣም የሚያምር ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ የቀረው የብርሃን ቀለበት ኮሮናን ይጋርደዋል።

ነፋሱን መያዝ

ነፋሱን በእጅ የያዙት አፖሎ 11 ላይ የነበሩት ናቸው። በሐምሌ 1969 ጨረቃ ላይ ከአሜሪካ ባንዲራ በፊት የተተከለው የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው የአሉሚኒየም ወረቀት ነበር። 77 ደቂቃ ወደ ፀሐይ ዞሮ ቆየ። ተጠቅልሎ ሲመለስ ሂሊየም፣ ኒዮንና አርጎን ተገኘበት። ጀነሲስ የተባለችው መንኩራኩር ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ስትሰበስብ ቆይታ በ2004 ስትመለስ ፓራሹቷ አልተከፈተም። ዩታ በረሃ ላይ ተከሰከሰች። ከስብርባሪው የተገኘው ናሙና ግን ሥራውን ሠርቷል። የፀሐይ ኦክስጅን አይሶቶፕ (በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር አተሞች) ድርሻ ከምድር ኦክስጅን እንደሚለይ የታወቀው ከዚያ ነው።

ነፋሱ ሲደርስ

ምድር ጋሻ አላት። መግነጢሳዊ መስኳ አብዛኛውን ነፋስ ወደ ጎን ያሳልፈዋል። ሾልኮ የሚገባው በዋልታዎቹ አካባቢ ሰማዩን አረንጓዴና ቀይ ያለብሰዋል። አንዳንዴ ግን ፀሐይ በአንድ ጊዜ ቢሊዮን ቶኖች ትተፋለች። በመጋቢት 1989 እንዲህ ያለ ማዕበል የካናዳዋን ኩቤክ መብራት አጠፋ። ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ጨለማ ውስጥ ቆየ።

ኢትዮጵያ ከዋልታ ሩቅ ናት፤ ስለዚህ አይመለከተንም ማለት ግን አይቻልም። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በእኛ ሰማይ ነው። በዚህ መስመር ላይ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ቀን ቀን ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። የፀሐይ ማዕበል ሲመጣ ይረበሻል። አዮኖስፌር የሚባለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው አየር ሲታወክ ጂፒኤስም ይስታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይለካል።

ማርስ እንዲህ ያለ ጋሻ የላትም። ሜቨን የተባለችው መንኩራኩር በለካችው መሠረት ነፋሱ ከማርስ ከባቢ አየር በየሴኮንዱ 100 ግራም ገደማ ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል። በቢሊዮን ዓመታት ሲባዛ ግን ትንሽ አይደለም። በዚያ ላይ ወጣቷ ፀሐይ ከአሁኑ ይበልጥ ኃይለኛ ነበረች።

ነፋሱ ከፕላኔቶቹ አልፎ ይሄዳል። ቮዬጀር 1 የተባለችው መንኩራኩር የነፋሱን ድንበር የተሻገረችው በነሐሴ 2012 ነው። ርቀቱ ምድር ከፀሐይ ካላት ርቀት 121 ጊዜ ያህል ነበር።

ግዙፎቹ

ያረጁ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ነፋሳቸውን የሚያስነሱት በሌላ መንገድ ነው። ሚሊዮን ዲግሪ ኮሮና አያስፈልጋቸውም። በጣም ስላበጡ ገጻቸው ላይ ስበቱ ደካማ ነው። በዚያ ላይ ይነፋሉ፣ ይኮማተራሉ። ሚራ የተባለችው ኮከብ ለምሳሌ በ11 ወር ገደማ አንድ ዙር ትጨርሳለች። ጋዙ ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የአቧራ ቅንጣቶች ይሠራሉ። የኮከቧ ብርሃን አቧራውን ይገፋል፣ አቧራውም ጋዙን እየጎተተ ይሄዳል። ፍጥነቱ በሴኮንድ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መጠኑ ግን ከፀሐይ ነፋስ ከሚሊዮን እስከ ቢሊዮን እጥፍ ይበልጣል። በ2007 የአልትራቫዮሌት ቴሌስኮፕ ሚራ 13 የብርሃን ዓመት የሚረዝም ጅራት እየጎተተች እንደምትሄድ አሳየ።

ኦሪዮን ውስጥ ያለችው ቀይዋ ቤቴልጅዩዝ ከ2019 መጨረሻ እስከ 2020 መጀመሪያ ብርሃኗ ከግማሽ በላይ ሲቀንስ ልትፈነዳ ነው ተብሎ ብዙ ተወርቷል። አልፈነዳችም። ከገጿ አንድ ትልቅ ጋዝ ወርውራ ነበር፤ ጋዙ ቀዝቅዞ አቧራ ሲሆን ጋረዳት።

ፀሐይም ከአምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ወደ ቀይ ግዙፍነት ደረጃ ትደርሳለች። ያኔ ግማሽ ያህል ቁሷን ታፈሳለች። ምድርን የሚያህል ነጭ ድንክ ኮከብ ይቀራል። ቁሷ ሲቀንስ ስበቷም ይቀንሳል፤ የፕላኔቶች ምሕዋርም ይሰፋል። ምድርን ከመዋጥ ያድናት ይሆን? ስሌቶቹ አይስማሙም፤ ነገሩ የሚወሰነው ፀሐይ በምን ፍጥነት እንደምትከሳ ነው።

ሰማያዊዎቹ

ከሁሉ የበረታው ነፋስ ያለው ትኩስና ግዙፍ ሰማያዊ ከዋክብት ዘንድ ነው። ይህ የታወቀው በ1960ዎቹ የአልትራቫዮሌት መሣሪያዎች በሮኬት ከከባቢ አየር በላይ ሲወጡ ነው። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እዚህ ገፊው ብርሃን ራሱ ነው። በጋዙ ውስጥ ያሉት የብረትና የመሳሰሉት አተሞች የተወሰነ ሞገድ እየመረጡ ብርሃኑን ይጠጣሉ፤ በዚያው ይገፋሉ።

አንዳንዶቹ ደግሞ በነፋስ ብቻ አያበቁም። ኤታ ካሪና የተባለችው ኮከብ በ1840ዎቹ ባደረገችው ታላቅ ፍንዳታ ከአሥር ፀሐይ የሚበልጥ ቁስ ወረወረች፤ አልሞተችምም። በ1843 ከሲሪየስ ቀጥሎ በሌሊት ሰማይ ላይ ሁለተኛዋ ደማቅ ኮከብ ነበረች። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ደግሞ በ2022 ደብሊው አር 140 በተባሉት ጥንድ ከዋክብት ዙሪያ ቢያንስ 17 የአቧራ ቀለበቶች አሳየን። ሁለቱ በየስምንት ዓመቱ ሲቀራረቡ ነፋሳቸው ይጋጫል፤ አንድ ቀለበት ይጨመራል።

ገፊው ብርሃን፣ መያዣው ደግሞ ብረት ከሆነ፣ ብረት ያነሰው ኮከብ ነፋሱም ደካማ ይሆናል። ይህ ተራ ዝርዝር ሊመስል ይችላል። በመስከረም 2015 ላይጎ የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያውን የስበት ሞገድ (ከባድ አካላት ሲጋጩ በህዋ ውስጥ የሚነሳ ሞገድ) ሲይዝ ግን ዋና ነገር ሆነ። የተጋጩት ጥቁር ጉድጓዶች፣ ማለትም የሞቱ ግዙፍ ከዋክብት ቅሪቶች፣ 36 እና 29 ፀሐይ ገደማ ይመዝኑ ነበር። በእኛ ጋላክሲ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ በራጅ (ኤክስሬይ) ጨረር ይታወቁ የነበሩት ከዚህ በጣም ያንሱ ነበር። እንደኛ ሰፈር በብረት የበለጸገ ኮከብ ከመሞቱ በፊት አብዛኛውን ቁሱን በነፋስ ስለሚያጣ ያን ያህል ከባድ ጥቁር ጉድጓድ መተው ይቸግረዋል። ተመራማሪዎች ታዲያ የሁለቱ እናት ከዋክብት ብረት ባነሰበት ቦታ የተወለዱ፣ ነፋሳቸውም ደካማ የነበረ መሆን አለባቸው ብለው ደመደሙ።