ኢኤምጂ ምንድን ነው? «ኮረንቲ ሊያስይዙኝ ነው» ላለችው አክስቴ

«ኮረንቲ ሊያስይዙኝ ነው አሉ!» ብላ ደወለችልኝ አክስቴ ከደሴ። የሪፈር ወረቀቷ ላይ «ኢኤምጂ» ተብሎ ተጽፏል፣ ምን እንደሆነ ግን ያስረዳት የለም። እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጠው። ወራት አልፏታል፣ ሌሊት ሌሊት ቀኝ እጇ ይደነዝዛል፣ አውራ ጣቷን፣ ሌባ ጣቷንና መሀል ጣቷን እንደ መርፌ ይጠቀጥቃታል፣ ተነስታ እጇን ስታራግፍ ይነጋል። ወጌሻ ጋ ሄዳ ነበር። አሻት፣ ቅባት ቀባት፣ «ጅማት ዞሯል» አላት።

«አብሽሪ» አልኳትና ማስረዳት ጀመርኩ። እዚህ የምጽፈውም ያኔ ያልኳትን ነው፣ ትንሽ አስፍቼ።

ጡንቻ ራሱ ኮረንቲ አለው። እጃችሁን ልታነሱ ስትሉ ከአንጎል የተነሳው ትእዛዝ በህብለ ሰረሰር ወርዶ፣ በነርቭ በኩል ጡንቻው ጋ ይደርሳል፣ ጡንቻውም ሊኮማተር ሲል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ያወጣል። ትንሽ ስል በጣም ትንሽ ነው፣ ከአንድ ቮልት ሺህ ጊዜ ያነሰ። ኢኤምጂ ይህን ምልክት የሚያዳምጥና የሚመዘግብ ምርመራ ነው። ሙሉ ስሙ ኤሌክትሮማዮግራፊ ነው፣ ሐኪሞቹም ረዝሞባቸው አሳጥረውታል። ማዳመጥ ያልኩት እንዲሁ ለማሳመር አይደለም። አድሪያንና ብሮንክ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 እንግሊዝ አገር ቀጭን ሽቦ በውስጧ ያለባት መርፌ ሠርተው የጡንቻን ምልክት በድምፅ ማጉያ ሰምተውታል። ዛሬም ሐኪሙ በዓይኑ ስክሪኑን እያየ በጆሮው ይሰማል።

ብዙ ጊዜ ምርመራው ሁለት ነው። አክስቴን ያስፈራት የመጀመሪያው ነው፣ እውነትም ትንሽ ኮረንቲ አለው። ነርቩን ቆዳ ላይ ነካ ያደርጉትና ምልክቱ ጣት ጋ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ይለካሉ። ጤነኛ የክንድ ነርቭ በሰከንድ 50 ሜትርና ከዚያም በላይ ያስኬዳል፣ የእግር ነርቭ ደግሞ 40 ሜትር ገደማና በላይ። የአክስቴ ዓይነት ሕመም ከሆነ ክንዷ ላይ ደህና ሲሮጥ የነበረው ምልክት የእጅ አንጓዋ ላይ ሲደርስ ይንቀረፈፋል። ምክንያቱም እዚያ ጋ አንድ ነርቭና 9 ጅማቶች በአንዲት ጠባብ መተላለፊያ ተጋፍተው ነው የሚያልፉት። ሰኞ ገበያ በገበያ ቀን በሉት። ጅማቶቹን የሸፈነው ስስ ሥጋ ካበጠ የሚጨፈለቀው ነርቩ ነው። ወጌሻው «ጅማት» ማለቱ ሙሉ በሙሉ ከመንገድ የወጣ አልነበረም ማለት ነው፣ «ዞሯል» ያለው ላይ ነው የሳተው።

ሁለተኛው መርፌ ነው። በመርፌዋ ምንም መድኃኒት አይገባም፣ ኮረንቲም አይለቀቅባትም፣ ጡንቻው ውስጥ ሆና መስማት ብቻ ነው ሥራዋ። ያማል? አዎ፣ ያማል፣ ግን ይቻላል።

ጤነኛ ጡንቻ ዘና ሲል ጸጥ ይላል። ነርቩ የሞተበት ጡንቻ ግን ዘና ብሎም ዝም አይልም፣ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲንጠባጠብ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ከተኮማተረ በኋላ ቶሎ መላቀቅ የሚያቅተው የጡንቻ በሽታ ደግሞ አለ፣ እሱ ሲሰማ ሞተር ሳይክል ነዳጅ ሲሰጡትና ሲለቁት ነው የሚመስለው። ከዚያ «ጨብጥ፣ ግፋ» ይሏችኋል። እዚህ ላይ ነው የነርቭ ችግርና የጡንቻ ችግር የሚለዩት። ደቦ አስቡ። ነርቭ ሲጎዳ ከደቦው ግማሹ ቀርቶ የመጡት የቀሩትን ሰዎች ድርሻ ደርበው እንደሚሠሩት ነው፣ ምልክቶቹ ጥቂት ግን ትልልቅ ይሆናሉ። ጡንቻው ራሱ ሲታመም ደግሞ ሁሉም መጥቷል፣ አቅም ያለው ግን የለም፤ ምልክቶቹ ብዙና ትንንሽ ናቸው።

አጨዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ የዋለ ሰው ማታ የእግሩ ፊት አልነሳ ቢለው ሰው ሁሉ «ወገብህ ነው» ይለዋል። ሊሆን ይችላል። ከጉልበት በታች በጎን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ተጨፍልቆም ሊሆን ይችላል። ኢኤምጂ ዋጋው የሚታወቀው እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው፣ ችግሩ ወገብ ይሁን ጉልበት ይለያል።

ሁሉንም ግን አያይም። አጥንት፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ እንዲሁ የሚያም ወገብ ለእሱ ምኑም አይደለም። ጓያንም ውሰዱ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ደላንታና ዳውንት ላይ ስንቱን ሰው ሽባ ያደረገው የጓያ በሽታ በዋናነት የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን መስመር ነው፣ ስለዚህ እግሩ አልታዘዝ ያለ ሰው የኢኤምጂ ውጤቱ ደህና ሊሆን ይችላል። «ውጤቱ ነፃ ነው» ማለት «ውሸቱን ነው» ማለት አይደለም። ይህን ለቤተሰብ ማስረዳት ነው ከባዱ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ ከባጃጅ ወድቆ ክንዱ ሲዝል በሦስተኛው ቀን መርፌውን አሠራ። ምንም አልተገኘም፣ ገንዘቡ ብላሽ ቀረ። ነርቭ ተጎድቶ ያ የቆርቆሮ ዝናብ ጡንቻው ላይ የሚሰማው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ቀድሞ የነገረው ሰው ግን አልነበረም።

ስትሄዱ ታጠቡ፣ ቅባትም ቅቤም አትቀቡ። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ወይም ልብ ላይ መሣሪያ ያለባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። እጃችሁን አሙቁ፣ ይሄን የደሴ ሰው በደንብ ይስማኝ፤ የቀዘቀዘ እጅ ነርቭን ያዘገያል፣ ጤነኛውን ሰው በሽተኛ ሊያስመስለው ይችላል።

አክስቴ ተመርምራ ስትወጣ ደወለች። አንጓዋ ላይ ነው አሏት፣ ሌሊት የምታስረው ድጋፍ ሰጥተዋታል። «ኮረንቲውስ?» አልኳት።

«ምኑ ኮረንቲ! የኔ ምጣድ ይብሳል።»